የማይጠወልገው ቅጠልና እሳት

ሰው ቅጠልና አበባ ይወዳል። ለበዓሉ ቄጤማ ሲጐዘጕዝ፤ ለሠርጉ ዳስ ቅጠል ሲያለብስ፤ ለሆሣዕና የዘንባባ ዝንጣፊ ሲይዝ ኖሯል። ዳሩ ግን የተቈረጠ ቅጠል በነጋታው ይጠወልጋልና ከተሜው ሰው የማይጠወልግ ቅጠል መሥራትን ተማረ፤ መጀመሪያ ከወረቀትና ከጨርቅ፤ በኋላም ከፕላስቲክ። ውሃ የማይጠጣው፤ አትክልተኛም የማያሻው ይህ ቅጠል ዛሬ በሆቴሉ፤ በምግብ ቤቱ፤ በሠርግ አዳራሹና በሱቁ ግድግዳ ላይ ተንሰራፍቶ ይታያል።

እርጥብ ቅጠልን ከእሳት የሚጠብቀው በውስጡ ያለው ውሃ ነው፤ እሳት ቢነካው እንኳ አስቀድሞ ውሃው ተንኖ ማለቅ አለበትና። የማይጠወልገው ቅጠል ግን ይህ ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ተፈጥሮ የነፈገችውን መከላከያ ሰው ራሱ በመድኃኒት መልክ ሊሰጠው ግድ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን መድኃኒት ታሪክ ነው፤ ይልቁንም መድኃኒቱ ተሰጥቶ ነበር በተባለበት፤ በመንግሥት ተቈጣጣሪም «ደኅና ነው» ተብሎ በተጻፈለት ቤት ውስጥ 492 ሰዎች እንዴት እንዳለቁ ነው። ዘመናቱን የምንጽፈው እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ የተጀመረው ከቴያትር ቤት ነው። ቴያትር ቤት ማለት በሸራ ላይ በተሣሉ ዛፎችና በወረቀት በተሠሩ አበቦች የተሞላ፤ ኤሌክትሪክ ሳይመጣም በሻማና በዘይት መብራት የሚበራ ቤት ነበርና ቃጠሎ አይለየውም ነበር። የጣሊያኑ የመድረክ መሐንዲስ ኒኮላ ሳባቲኒ በ1638 የመድረክ ሥዕል በሚሣልበት ቀለም ውስጥ ሸክላ ዐፈርና ጀሶ እንዲደባለቅበት መከረ። በ1735 ደግሞ ኦባዳያ ዋይልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሻብ፤ ቦራክስና ቪትሪዮል የሚባሉትን ጨዎች ቀላቅሎ ወረቀትና ሸራ ቶሎ እንዳይነድ የሚያደርግ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ የባለቤትነት መብት አወጣ።

እስከዚህ ድረስ የነበረው ሁሉ በልምድ የተገኘ ነው። ነገሩን በትምህርት መንገድ የመረመረው ስመ ጥሩው የፈረንሳይ የኬሚስትሪ ሊቅ ጌ-ሉሳክ ነው። ንጉሥ ሉዊ 18ኛ የቴያትር ቤቶችን መጋረጃ ከእሳት የሚያድን ዘዴ እንዲፈልግ አዝዘውት፤ ሊቁ የተልባ እግርና የቃጫ ጨርቅ በልዩ ልዩ ጨዎች እየነከረ ከሞከረ በኋላ ውጤቱን በ1821 አሳተመ። ከሁሉ የተሻሉ ሆነው ያገኛቸው የአሞንየም ጨዎች፤ በተለይም አሞንየም ፎስፌት፤ እንዲሁም እነዚህ ከቦራክስ ጋር ሲደባለቁ ነው። ገበሬዎቻችን ለብዙ ዓመታት ዳፕ እያሉ በማሳቸው ላይ የበተኑት ማዳበሪያ ከዚሁ ከአሞንየም ፎስፌት ወገን ነው ብንል አንባቢ ይደነቅ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ጨርቅ ወይም ወረቀት ሲቃጠል ነበልባል ሆኖ የሚታየው ራሱ ጨርቁ ሳይሆን ሙቀት ከጨርቁ ውስጥ አፍልቶ የሚያወጣው ተን ነው። በአሞንየም ጨው የተነከረ ጨርቅ ሙቀት ሲደርስበት ጨው ይፈርስና አሞንያ የሚባለው ጋዝ ይወጣል፤ የሚቀረው አሲድ ደግሞ ጨርቁን በቶሎ ወደ ከሰል ይለውጠዋል። ከሰል የሆነው ክፍል ተን አይሰጥምና ነበልባሉ የሚመገበው ያጣል። ቦራክስ በበኩሉ ይቀልጥና እንደ መስተዋት ያለ ስስ ሽፋን ሆኖ አየር እንዳይገባ ይከለክላል። እንግዲህ መድኃኒቱ ጨርቁ ከቶ እንዳይቃጠል አያደርገውም፤ እሳቱ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው እንዳይጋባ ያዘገየዋል እንጂ። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም በኋላ የምንተርከው መከራ ሁሉ የተደገፈበት ነገር ነው።

የመድኃኒቱ ድካም ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የታወቀ ነበር። ጨው እንደ መሆኑ መጠን በውሃ ይሟሟል። ጨርቁ ቢታጠብ ጨው አብሮ ይሄዳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ቢወለወልም ይቀንሳል፤ አቧራ ሲደርብበትም አቧራው ራሱ ሌላ ማገዶ ይሆናል። ታጥቦ የማይለቅ መድኃኒት ለማግኘት እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን እስከ 1913 ድረስ በቆርቆሮ ማዕድን ጨው ደክሟል። ስለዚህ በጨው የተነከረ ነገር ሁሉ የተነከረበት ቀን ሊጻፍለት፤ ቀኑም ሲያልፍ እንደገና ሊነከር ይገባዋል።

ሁለተኛው ድካም መልክ ማበላሸቱ ነው። በፓሪስ ኦፔራ ኤማ ሊቭሪ የምትባል ዝነኛ ወጣት ዳንሰኛ ነበረች። በ1859 በወጣው ድንጋጌ መሠረት የዳንሰኞች ልብስ በመድኃኒት እንዲነከር ታዝዞ ነበር። መድኃኒቱ ግን ስሱን ቀሚስ ያደርቀዋል፤ ንጣቱንም ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ሊቭሪ የተነከረውን ልብስ አልለብስም አለች። በኅዳር ወር 1862 በልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷ የጋዝ መብራት ነካና ተያያዘ። 8 ወር በሥቃይ ቈይታ በሐምሌ 1863 በ20 ዓመቷ ሞተች። ለውበት ሲባል ጥንቃቄን መተው የዳንሰኛዋ ብቻ ጠባይ አልነበረም፤ የአዳራሽ ባለቤቶችም ጠባይ ነው፤ እነርሱ ግን የሚያስቃጥሉት የራሳቸውን ሰውነት ሳይሆን የእንግዶቻቸውን ነው።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የመድረኩ ጫካ ከቴያትር ቤት ወጥቶ ወደ ዳንስ ቤት ገባ። ብርድ የሚያንዘፈዝፈው የሰሜን አሜሪካ ሰው በክረምት ሌሊት የሞቃት ባሕር ዳርቻ እንዲታየው ተብሎ አዳራሾች በወረቀት ዘንባባና በቀርከሃ አጌጡ። በቴያትር ቤት ጌጡ ከመድረክ በላይ ነበር፤ ተመልካቹ ከፊቱ ያየዋል። በዳንስ ቤት ግን ጌጡ ከተመልካቹ ራስ በላይ፤ ከጀርባውና ከበሩ አጠገብ ሆነ። ሕጉ ይህን ልዩነት ገና አላስተዋለም ነበር፤ በብዙ ከተሞች ዳንስ ቤት እንደ ምግብ ቤት እንጂ እንደ ቴያትር ቤት አይቈጠርም ነበርና።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከደቡብ ነው። በሚሲሲፒ ግዛት ናቼዝ በምትባል ከተማ ጥቍር አሜሪካውያን የሚዝናኑበት ሪዝም ክለብ የሚባል አዳራሽ ነበር። ግንቡ በቆርቆሮ የተለበጠ፤ መስኮቶቹ በሳንቃ የተዘጉ፤ መውጫውም አንድ በር ብቻ ነበረ። ጣሪያው በደጋ ደኖቻችን ዛፎች ላይ እንደ ሽበት ተንጠልጥሎ ከምናየው ጋር በሚመሳሰል፤ ስፓኒሽ ሞስ በሚሉት የደረቀ ተክል አጊጦ ነበር። በእርግጥ ይህኛው ሰው ሠራሽ አልነበረም፤ ነገር ግን ደርቆ ከጣሪያ ከተሰቀለ ከወረቀት ቅጠል አይለይም። ይህም ደረቅ ጌጥ መድኃኒት ተረጭቶበት ነበር፤ የተረጨው ግን ከነዳጅ ዘይት የተሠራ የተባይ ማጥፊያ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 1940 ሌሊት ከቺካጎ የመጣው የዋልተር ባርንስ ኦርኬስትራ ሲጫወት እሳት ተነሣ፤ 209 ሰዎች ሞቱ፤ ባርንስም ከብዙዎቹ ሙዚቀኞቹ ጋር አብሮ ሞተ። የሟቾቹ ቍጥር ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ሰሜኑ አገር ከዚህ ብዙም አልተማረም፤ የሟቾቹ ቀለም ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም ለማለት አንደፍርም።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነና የቦስተኑ መጣ።

ኮኮናት ግሮቭ በቦስተን ከተማ በፒድሞንት መንገድ ይገኝ የነበረ፤ በ1927 የተከፈተ የዳንስ ቤት ነው። ስሙ የኮኮነት ዛፎች ጫካ ማለት ነውና ቤቱም ስሙን እንዲመስል ተደርጎ ነበር። ምሰሶዎቹ ግንድ እንዲመስሉ ተደርገው ከላያቸው የዘንባባ ቅጠል ተተክሎባቸዋል። በምድር ቤቱ ሜሎዲ ላውንጅ የሚባል ጨለም ያለ መጠጥ ቤት ነበረ፤ ከዝቅተኛው ጣሪያ በታች ጨርቅ ተወጥሮ እንደ ሌሊት ሰማይ ሆኗል፤ በየማዕዘኑም ሰው ሠራሽ ዘንባባ ቆሞ በቅጠሎቹ መካከል ትናንሽ አምፑሎች ይበራሉ። የቤቱ ጌታ ባርኔት ወላንስኪ የሚባል ጠበቃ ነበረ፤ ቤቱን ያገኘው ደንበኛው የነበረው የቀድሞው ባለቤት በ1933 ከተገደለ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ኅዳር 28 ቀን 1942 (በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም.) ዓለም በጦርነት ላይ ነበረች፤ ከተማይቱም በወታደርና በመርከበኛ ተሞልታ ነበር። ቤቱ ከ460 እምብዛም ለማይበልጥ ሰው የተፈቀደ ሲሆን በዚያ ሌሊት ወደ 1000 ሰው ገብቶበት ነበር። ባክ ጆንስ የሚባለው የፊልም ተዋናይም ከእንግዶቹ አንዱ ነበረ። የቦስተን ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን በዚያው ቀን 55 ለ 12 ባይሸነፍ ኖሮ ሊያደርገው የነበረው በዓል ቀርቶለት ተርፏል።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ሲሆን በሜሎዲ ላውንጅ አንድ እንግዳ ብርሃኑ አስቸግሮት ከዘንባባው አምፑል አላልቶ አጠፋ። የ16 ዓመት ልጅ የሆነ አስተናጋጅ መልሶ እንዲያበራ ታዘዘ፤ ጨለማ ስለሆነበት ክብሪት ጭሮ አምፑሉን ፈለገና አጠበቀ፤ ክብሪቱንም አጠፋ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዘንባባው ቅጠል ላይ እሳት ታየ። እሳቱ ከክብሪቱ ነው ወይስ ከኤሌክትሪክ ሽቦ፤ የከተማው የእሳት አደጋ ኃላፊ ምክንያቱ አልታወቀም ሲሉ ወሰኑ፤ ልጁም ነጻ ተባለ። በኋላ ዘመን የመጡ መርማሪዎችም በጦርነቱ ምክንያት በማቀዝቀዣ መኪናው ውስጥ የገባውን ሜቲል ክሎራይድ የሚባል የሚነድ ጋዝ ጠርጥረዋል። እኛ ግን ልጁን ነጻ ያወጡትን እናመሰግናለን፤ አንድ ክብሪት የሚያጠፋው ቤት ከመነሻውም በሌላ ሰው የተዘጋጀ ማገዶ ነውና።

አስተናጋጆቹ ዘንባባውን ጐትተው ሊጥሉ፤ ውሃም ሊረጩበት ሞከሩ። እሳቱ ግን ከቅጠሉ ወደ ተወጠረው ጨርቅ ዘለለ፤ ከጨርቁ ሥር እየሮጠ በደረጃው ወደ ላይ ወጣ፤ 5 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥም ታላቁን የመመገቢያ አዳራሽ ያዘ። በደረጃው ራስ የነበረው የአደጋ በር ተቈልፎ ነበር። ዋናው መግቢያ ተሽከርካሪ በር ነበረ፤ ሕዝቡ ከሁለት ወገን ሲገፋው ተሽከርካሪው ቆመ፤ ከበስተኋላውም ሬሳ ተከመረ። ከ2 ሳምንት በማይበልጥ ጊዜ በፊት በተከፈተው አዲሱ ክፍል ደግሞ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለነበረ የሚሸሸው ሕዝብ ራሱ ዘጋው። የእሳት አጥፊዎቹ ጓድ ዘግይቶ ነበር ማለት አይቻልም፤ በአጋጣሚ በአቅራቢያው የተቃጠለ መኪና ለማጥፋት መጥቶ ሳለ ጢሱን አይቶ ወዲያው ደርሷል። ነገር ግን ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። ሟቾቹ 492 ሆኑ፤ ባክ ጆንስም ከሁለት ቀን በኋላ በሐኪም ቤት ሞተ። በዚያ ሌሊት ወደ ቦስተን ሐኪም ቤቶች የጐረፈው ቍስለኛ ስለ ቃጠሎ ሕክምና ብዙ አዲስ ዕውቀት ማስገኘቱ በሕክምና ታሪክ የታወቀ ነው፤ ያ ግን ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። በምርመራው እንደ ተገለጸው የቤቱ የጌጥ ጨርቅ ሲሰቀል አሞንየም ሰልፌት በሚባለው ጨው ተነክሮ ነበር ተብሏል። ነገር ግን በተወሰነው ጊዜ ውስጥ እንደገና መነከሩን የሚያስረዳ ጽሑፍ አልተገኘም። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የተቈጣጣሪው ነገር ነው። ከእሳቱ 8 ቀን አስቀድሞ፤ ኅዳር 20 ቀን፤ የከተማው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሌተናንት ፍራንክ ሊኒን ልኮ ቤቱን አስመርምሮ ነበር። ሊኒ ክብሪት ጭሮ ከሰው ሠራሹ ዘንባባ ቅጠል ላይ አስጠጋ፤ ቅጠሉ አልተያያዘም። በዚህ መሠረት የሚነድ ጌጥ የለም፤ መውጫውም በቂ ነው፤ የቤቱ ሁኔታ ደኅና ነው ብሎ ጽፎ አስረከበ።

እኛ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ስንጽፍ፤ ስንፈርምና ስናሳልፍ የምንውል ሰዎች በዚህ ቦታ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። ሊኒ ውሸት ጻፈ ለማለት አንችልም፤ እርሱም በኋላ ተከሶ በፍርድ ቤት ነጻ ወጥቷል። ክብሪቱን በእርግጥ ጭሯል፤ ቅጠሉም በእርግጥ አልነደደም ይሆናል። ነገር ግን አንድ ክብሪት በአንድ ቅጠል ላይ የሚያሳየው ያንን ቅጠል ብቻ ነው። የቀረው ቅጠል ሁሉ በአንድ ቀን፤ በአንድ ዓይነት መድኃኒት መነከሩን አያሳይም። ደግሞም ከዝቅተኛ ጣሪያ ሥር ብዙ ቅጠል ተጠጋግቶ ሲቆም ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ ይከማቻል፤ ለአንድ ክብሪት የበቃው ጨው ለዚህ አይበቃም። መድኃኒቱ እሳትን ያዘገያል እንጂ አይሽርም ያልነው ይኸው ነው። ስለዚህ በክብሪት የተፈተነ ቅጠል ቢነድ መጥፎነቱ ተረጋገጠ፤ ባይነድ ግን ደኅንነቱ ገና አልተረጋገጠም። በዚያ ወረቀት ላይ «ደኅና ነው» ከሚለው ይልቅ ሊጻፍ ይገባው የነበረ ጥያቄ ይህ ነበር፤ ይህ ጌጥ መቼ ተነከረ? የነከረው ማን ነው? ማስረጃውስ የት አለ?

ፍርዱ የወደቀው በባለቤቱ ላይ ነው። ወላንስኪ በእሳቱ ሌሊት በልብ ሕመም ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበርና ጠበቆቹ ባልነበረበት እንዴት ይጠየቃል ብለው ተከራከሩ። ሆኖም በ1943 ሳያስብ ነፍስ በማጥፋት ወንጀል በ19 ሟቾች ስም ጥፋተኛ ተብሎ ከ12 እስከ 15 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የማሳቹሴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ1944 ይግባኙን ሲሽር፤ ሕዝብ ወደ ቤቱ የጠራ ሰው የጥንቃቄ ግዴታ አለበት፤ አደጋውን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ችላ ካለ በቦታው ባይገኝም ይጠየቃል ሲል ያጸናው ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይማሩታል። ወላንስኪ በካንሰር ታምሞ ሳለ በ1946 መጨረሻ ምሕረት ተደረገለት። ምሕረቱን የሰጡት የግዛቲቱ ገዢ ሞሪስ ቶቢን በእሳቱ ጊዜ የቦስተን ከንቲባ የነበሩት ሰው ናቸው። እርሱም በ1947 ሞተ። ከባለቤቱ፤ ከተቈጣጣሪዎቹና ከፈቃድ ሰጪዎቹ መካከል ወኅኒ ወርዶ ብዙ የቈየው እርሱ ነው፤ ይህ ትክክል ነው ወይ ለሚል ሰው ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

ከዚያ ወዲህ የወጡት ደንቦች ብዙዎች ናቸው። ተሽከርካሪ በር በግራና በቀኙ ወደ ውጭ የሚከፈት በር እንዲኖረው ታዘዘ፤ የመውጫ ምልክት እንዲበራ፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ሌላ መብራት እንዲኖር ተደረገ፤ ዳንስ ቤትም በመጨረሻ እንደ ሕዝብ መሰብሰቢያ ተቈጠረ። ለጽሑፋችን የሚጠቅመው ግን ስለ ጌጥ የመጣው ለውጥ ነው። ቀስ በቀስ ማስረጃ የማምጣት ሸክም ከተቈጣጣሪው ክብሪት ወደ ባለቤቱ መዝገብ ተዛወረ። ዛሬ በአሜሪካ የእሳት ደንብ ሰው ሠራሽ ቅጠል በሕዝብ አዳራሽ የሚሰቀለው ቍጥር 701 የሚባለውን የመፈተኛ ደንብ ወይም ከእርሱ ጋር የተደነገገውን ሌላ ፈተና በላቦራቶሪ ማለፉ ሲረጋገጥ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ጌጡን የነከረው ሰው ራሱ ፈቃድ ያለው ሊሆን፤ መንከሩንም በመሐላ ጽሑፍ ሊያረጋግጥ ይገባዋል። የክብሪቱ ፈተናም ጨርሶ አልቀረም፤ ቍጥር 705 በሚባለው ደንብ ናሙናው 12 ሰኮንድ በክብሪት ነበልባል ይነካል፤ ክብሪቱ ሲወገድ ከ2 ሰኮንድ በላይ መንደድ የለበትም። ይሁን እንጂ ይህ ለላቦራቶሪው ፈተና ምትክ እንዳይሆን ተጠንቅቀውበታል።

በዚህ መካከል ግን ቅጠሉ ራሱ ተለወጠ። የወረቀትና የጥጥ ቅጠል ጨው ይመጥጥ ነበር፤ የፕላስቲክ ቅጠል አይመጥጥም። ፖሊኤቲሊን በሚባለው ፕላስቲክ ላይ ያንን የድሮ ጨው ብንረጨው ውሃው በላዩ ተንከባልሎ ይወርዳል፤ የቀረው ጨው ደግሞ ሲደርቅ በቅጠሉ ላይ እንደ አመዳይ ይታይና አቧራ ሲጠረግ አብሮ ይረግፋል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ቅጠል እውነተኛው መድኃኒት በፋብሪካ ውስጥ ፕላስቲኩ ሳይቀረጽ የሚደባለቅበት ነው። ያልተደባለቀበት ፖሊኤቲሊን ሲነድ እንደ ሻማ እየቀለጠ፤ የሚነድ ጠብታ ከሥሩ ባለው ወንበር፤ ምንጣፍና ሰው ላይ ያንጠባጥባል። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ በተፈጥሮው ክሎሪን ስላለበት ለመያያዝ ይዘገያል፤ ሲቃጠል ግን የሚወጣው ጢስ ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ ነው። የሚደባለቁት መድኃኒቶችም ሁሉ ንጹሓን አይደሉም፤ ትሪስ የተባለውን የብሮሚን ውሁድ አሜሪካ በ1977 ከሕፃናት የሌሊት ልብስ አግዳዋለች። ስለዚህ ሻጭ «መድኃኒት አለው» ባለ ጊዜ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው ለሚል ሰው የማድሪድን ነገር እንጠቅስለታለን። ሚያዝያ 21 ቀን 2023 ሌሊት በስፔን ዋና ከተማ በማኑኤል ቤሴራ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት አስተናጋጁ እንደ ልማዱ ለትርኢት ብሎ በምግብ ላይ አልኮል አፍስሶ ለኰሰ። ግድግዳውና ጣሪያው በፕላስቲክ ቅጠል የተሸፈነ ነበርና ነበልባሉ ቅጠሉን ነካው፤ እሳቱም በአፍታ ጣሪያውን ሁሉ ያዘ። የተነሣው ወደ በሩ በኩል ስለነበረ ከውስጥ የነበሩት መሸሻ አጡ። በዚያው ሌሊት አንድ ሠራተኛና አንድ እንግዳ ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ። ከቦስተን 80 ዓመት አልፎት፤ ክብሪቱ ወደ አልኮል፤ ወረቀቱም ወደ ፕላስቲክ ተለወጠ እንጂ ቅጠሉ፤ ጣሪያውና በሩ በነበሩበት ቦታ ላይ ነበሩ።

በአገራችንም ከተሞች የሠርግ አዳራሾችና ካፌዎች ግድግዳቸውን በአረንጓዴ ፕላስቲክ ይሸፍናሉ፤ ከቅጠሉም መካከል የኤሌክትሪክ አምፑል ያበራሉ። ለለምለሙ ቄጤማ ምትክ የፕላስቲክ ሣር መነጠፉም የተለመደ ሆኗል። በሆቴሉ መግቢያ ወይም በካፌው ጥግ ረከቦቱ በዚያ ሣር ላይ ይቀመጣል፤ ከጐኑ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ይደረጋል፤ ዕጣኑም በፍሙ ላይ ይጨሳል፤ ከምድጃው በስተጀርባ ደግሞ እስከ ጣሪያ የሚደርሰው የፕላስቲክ ቅጠል ቆሟል። ለእንዲህ ያለው ጥግ ምድጃውን በሰፊ የብረት ወይም የሸክላ ሰሌዳ ላይ ማስቀመጥና ከቅጠሉ ራቅ ማድረግ ወጪ የለውም፤ በሩንም የሚጋርድ ቅጠል ማንሣት እንዲሁ። ቅጠሉን ለሚገዛው ባለ ሆቴል ደግሞ ከሻጩ የፈተናውን ወረቀት መቀበል፤ ወረቀቱም በእጁ ላለው ዕቃ የተሰጠ መሆኑን መመልከት፤ በመድኃኒት የሚረጭ ከሆነም የተረጨበትን ቀን ጽፎ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ማስቀመጥ ይቻለዋል። ተቈጣጣሪው ሲመጣ ክብሪቱን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ያንን መዝገብ ነው።